የሞለኪውላር ባዮሎጂ ተመራማሪ የኅትመት ዝርዝርና የሳይቴሽን ቁጥር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምላሾቹ የተዘጋጁት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ለጀማሪ ተመራማሪዎችና በቅጥር ወይም በደረጃ እድገት ኮሚቴ ውስጥ ለሚቀመጡ ሰዎች ሲሆን፣ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ተመራማሪ የኅትመት ዝርዝር ምን ምን ይይዛል?

ዝርዝሩ በዋናነት በአቻ ባለሙያዎች ተገምግመው በጆርናል የወጡ ጽሑፎችን ይይዛል። በሞለኪውላር ባዮሎጂ እነዚህ ጽሑፎች ባመዛኙ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው በላቦራቶሪ የተገኘ አዲስ ውጤት የሚቀርብበት የምርምር ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሌሎች የሠሩትን ሰብስቦ የሚያብራራውና በተለምዶ ሪቪው የሚባለው ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ይገባል፤ ሪቪው አንድም ሙከራ ሳይሠራበት ከምርምር ጽሑፍ የበለጠ ሊጠቀስ ይችላልና። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ለጽሑፉ መግቢያ ድጋፍ የሚፈልግ ሰው ሃያ ጽሑፎችን ከመዘርዘር አንድ ሪቪው መጥቀስ ይቀልለዋል።

ከእነዚህ ሌላ የመጽሐፍ ምዕራፎች፣ የጉባኤ አጭር መግለጫዎች፣ ፓተንቶችና ፕሪፕሪንቶች በዝርዝሩ ሊገቡ ይችላሉ። ፕሪፕሪንት ከግምገማ በፊት ለሁሉም ክፍት ሆኖ የሚለቀቅ ጽሑፍ ነው፤ በባዮሎጂ በስፋት የሚታወቀው የፕሪፕሪንት ማኖሪያ በ2013 በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ የተጀመረው ባዮአርካይቭ ነው። ፕሪፕሪንትን በዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ከተገመገሙት ጽሑፎች ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጡ ላይ ነው።

ሳይቴሽን ምንድን ነው? መቆጠር የጀመረውስ እንዴት ነው?

አንድ ጽሑፍ በሌላ ጽሑፍ የማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ በገባ ቁጥር አንድ ሳይቴሽን ይቆጠርለታል። ይህን የመቁጠር ሐሳብ ወደ ሳይንስ ያመጣው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። ጋርፊልድ በ1955 «ሳይንስ» በተባለው ጆርናል ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከዚያ ወዲህ በየትኞቹ ውሳኔዎች እንደተጠቀሰ የሚከታተሉበትን ሼፐርድስ የሚባል መዝገብ አርአያ አድርጎ፣ ተመሳሳይ መዝገብ ለሳይንስ ጽሑፎችም እንዲዘጋጅ ጠየቀ። ሐሳቡን አጥብቀው ከደገፉት መካከል በባክቴሪያ ዘረመል ጥናት የ1958 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆነው ጆሹዋ ሌደርበርግ ይገኝበታል፤ የሙከራ መዝገቡም የተሠራው በዘረመል ጥናት ጽሑፎች ላይ ነበር። ስለዚህ ሳይቴሽን መቁጠር ከሞለኪውላር ባዮሎጂ ጋር ያለው ዝምድና ገና ከጅምሩ የቅርብ ነው።

መዝገቡ የታሰበው ግን ጽሑፍን ለመፈለግ እንጂ ሰውን ለመመዘን አልነበረም። አንድ የቆየ ጽሑፍ ያገኘ ሰው ከዚያ በኋላ እነማን እንደተጠቀሙበት እያየ ወደ ፊት እንዲራመድ የሚረዳ መሣሪያ ነበር። ዛሬ በቁጥሮቹ ዙሪያ የሚነሳው ክርክር አብዛኛው የሚመነጨው ይህ መሣሪያ ካልተሠራበት ዓላማ ላይ በመዋሉ ነው።

ጎግል ስኮላር፣ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ለአንድ ሰው ለምን የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ?

የሚቆጥሩበት ክምችት የተለያየ ስለሆነ ነው። ዌብ ኦፍ ሳይንስና ስኮፐስ መርጠው በሚያስገቧቸው ጆርናሎች፣ የጉባኤ ጽሑፎችና መጻሕፍት ላይ ይወሰናሉ። ጎግል ስኮላር ግን የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ ፕሪፕሪንቶችን፣ በየዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ የተቀመጡ ሰነዶችን ጭምር በኮምፒውተር እየለቀመ ስለሚቆጥር፣ ቁጥሩ በአብዛኛው ከሁለቱ ይበልጣል። ፐብሜድ ደግሞ የሕክምናና የሕይወት ሳይንስ ጽሑፎች መፈለጊያ ነው፤ ተመራማሪን ለመመዘን ታስቦ የተዘጋጀ አይደለም።

ስለሆነም በማመልከቻ ላይ ቁጥር የሚያሰፍር ሰው የዳታቤዙን ስምና ያየበትን ቀን አብሮ መጻፍ ይኖርበታል። አንዱን አመልካች በጎግል ስኮላር፣ ሌላውን በስኮፐስ ቁጥር አወዳድሮ ደረጃ የሚያወጣ ኮሚቴ አንዱን በኪሎ፣ ሌላውን በቁና እንደ መስፈር ያለ ሥራ ነው የሚሠራው።

ኤች-ኢንዴክስ እንዴት ይሰላል?

ኤች-ኢንዴክስን በ2005 ያቀረበው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ሆርሄ ሂርሽ ነው። ስሌቱ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል። የተመራማሪው ጽሑፎች ከብዙ ከተጠቀሰው ወደ ጥቂት ከተጠቀሰው ይደረደራሉ፤ ከዚያም የጽሑፉ ተራ ቁጥር ከሳይቴሽኑ ሳይበልጥ የሚደረስበት የመጨረሻው ቦታ ኤች-ኢንዴክስ ይሆናል።

ለምሳሌ ዘጠኝ ጽሑፎች ያሉት ሰው እንውሰድ፤ ሳይቴሽኖቻቸውም በቅደም ተከተል 310፣ 84፣ 40፣ 22፣ 11፣ 7፣ 6፣ 3 እና 0 ይሁኑ። ስድስተኛው ጽሑፍ 7 ጊዜ ስለተጠቀሰ ስድስትን ያልፋል፤ ሰባተኛው ግን 6 ጊዜ ብቻ ስለተጠቀሰ ሰባት ላይ አይደርስም። የዚህ ሰው ኤች-ኢንዴክስ 6 ነው። ድምሩ 483 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 310ው የመጣው ከአንድ ጽሑፍ ብቻ መሆኑን ኤች-ኢንዴክሱ አይነግረንም። ያ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነገ 3,000 ጊዜ ቢጠቀስም ኤች-ኢንዴክሱ ከ6 ንቅንቅ አይልም። በጎግል ስኮላር ገጽ ከጎኑ የሚታየው አይ-10 የሚባለው መለኪያ ደግሞ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱትን ጽሑፎች ብቻ ይቆጥራል፤ በምሳሌያችን 5 ይሆናል።

ለሞለኪውላር ባዮሎጂ ተመራማሪ ስንት ኤች-ኢንዴክስ «ጥሩ» ይባላል?

ለዚህ ጥያቄ አንድ ቁጥር የሚሰጥ መልስ ካጋጠመዎት አይመኑት። ሂርሽ በ2005 ጽሑፉ ለፊዚክስ ባለሙያ ከ20 ዓመት ሥራ በኋላ 20 የተሳካ፣ 40 ደግሞ የላቀ ተመራማሪን እንደሚያመለክት ጽፎ ነበር። ይሁንና እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ከፊዚክስ ሊቃውንት ከፍተኛው የኤድዋርድ ዊተን 110 ሲሆን፣ ከሕይወት ሳይንስ ደግሞ የሰሎሞን ስናይደር 191፣ የዴቪድ ባልቲሞር 160 ነበር። ልዩነቱ ባዮሎጂስቶቹ በእውቀት ስለበለጡ የመጣ አይደለም፤ በባዮሎጂ ብዙ ሰው ይሠራል፣ ብዙ ይታተማል፣ እያንዳንዱ ጽሑፍም ረጅም የማጣቀሻ ዝርዝር ይዞ ይወጣል።

በራሱ በሞለኪውላር ባዮሎጂ ውስጥም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በካንሰር ዘረመል ላይ የሚሠራ ሰውና በእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ላይ የሚሠራ ሰው በትጋትም በብቃትም እኩል ቢሆኑ እንኳን፣ የሁለተኛውን ጽሑፍ ሊጠቅሱ የሚችሉት ላቦራቶሪዎች ቁጥር ከመነሻው ያነሰ ነው። እድሜም አለ፤ ኤች-ኢንዴክስ አይቀንስም፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ያድጋል። ሂርሽ ራሱ በ2020 ይህ መለኪያ ያልታሰበ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ወደ ማመን መምጣቱን ጽፏል።

በስም ዝርዝሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ መሆን ምን ልዩነት አለው?

በሞለኪውላር ባዮሎጂ ትልቅ ልዩነት አለው። በሒሳብ ትምህርት ስሞች በፊደል ተራ መደርደራቸው የተለመደ ሲሆን፣ በዚህ መስክ ግን ቦታው ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ስም በአብዛኛው ሙከራውን በእጁ የሠራው፣ ብዙውን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ ወይም ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ የሆነው ሰው ነው፤ የመጨረሻው የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው፤ ተጠሪ ጸሐፊ ወይም ኮረስፖንዲንግ ኦተር የሚባለው ደግሞ ለጽሑፉ መልስ የሚሰጠው ሰው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ጸሐፊ ጋር አንድ ነው። በመሐል ያሉት ስሞች ከከባድ አስተዋጽኦ እስከ አንድ ናሙና ማቀበል ያለውን ሁሉ ሊወክሉ ይችላሉ።

በ2012 «ሳይንስ» ላይ የወጣውን፣ ዲኤንኤን በተፈለገው ቦታ ለመቁረጥ ስለሚያገለግለው ክሪስፐር የሚናገረውን ጽሑፍ ብንመለከት ስድስት ስሞች አሉት። መጀመሪያ ማርቲን ዪኔክ፣ ቀጥሎ ክርሽቶፍ ኺሊንስኪ የተጻፉ ሲሆን፣ ሁለቱ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ በማስታወሻ ተገልጿል፤ በመጨረሻ ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ ይገኛሉ። የ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የሄደው ለመጨረሻዎቹ ሁለት ነው። ያቺ «እኩል አስተዋጽኦ» የምትል ምልክት ጽሑፉ በሌሎች ሲጠቀስ ትጠፋለች፤ «ዪኔክና ባልደረቦቹ» ተብሎ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ዝርዝር የሚያነብ ሰው ርዕሱን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን ገጽ ግርጌ ማየት ይኖርበታል።

በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው ጽሑፍ የቱ ነው?

የፕሮቲን መጠን ስለ መለካት የሚናገር ጽሑፍ ነው። ኦሊቨር ላውሪ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ በ1951 በጆርናል ኦፍ ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ ያሳተመው ይህ ጽሑፍ፣ «ኔቸር» የተባለው ጆርናል በ2014 የዌብ ኦፍ ሳይንስን መዝገብ ይዞ ባወጣው የአንድ መቶ ጽሑፎች ዝርዝር ከ305,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ አንደኛ ሆኗል። ሥራው ይህን ይመስላል፦ ፕሮቲን ያለበት ናሙና ላይ መዳብ የያዘ አልካሊ ፈሳሽ ይጨመራል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ ፎሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ይጨመርና ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆናል፤ ፕሮቲኑ በበዛ መጠን ሰማያዊው ይጠልቃል፤ የቀለሙ ጥልቀት በስፔክትሮፎቶሜትር ይነበባል። ያ ብቻ ነው። ምንም ዓይነት ፕሮቲን የሚያጠና ላቦራቶሪ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «በዚህች ጠብታ ውስጥ ስንት ማይክሮግራም አለ?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር፣ በየጽሑፉ የአሠራር ክፍል ውስጥ ላውሪ ይጠቀሳል።

ከዚያ የሚቀጥሉት አራቱም ከዚሁ ቤት ናቸው። ሁለተኛው በ1970 ኡልሪክ ሌምሊ ያሳተመው ሲሆን ከ213,000 በላይ ሳይቴሽን አለው፤ ርዕሱ ስለ አንድ የባክቴሪያ ቫይረስ ጭንቅላት አገጣጠም ነው፣ ሰው የሚጠቅሰው ግን ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለየውን ጄል ለሚያዘጋጅበት ዘዴ ነው። ከጠቃሾቹ ብዙዎቹ ስለ ቫይረሱ አንድ አንቀጽ ስለማንበባቸው እጠራጠራለሁ። ሦስተኛው በ1976 ማሪዮን ብራድፎርድ ያወጣው፣ የላውሪን ልኬት በጥቂት ደቂቃ የሚተካው ዘዴ ነው፤ አራተኛው የፍሬድሪክ ሳንገር የ1977 የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ማንበቢያ ነው፤ አምስተኛው ደግሞ በ1987 የወጣው አርኤንኤን በአንድ እርምጃ ከሴል የሚለየው የቾምቺንስኪና የሳኪ ዘዴ ነው።

ላውሪ ራሱ በ1977 በጻፈው ደብዳቤ ጽሑፉ ታላቅ ሥራ እንዳልሆነ እንደሚያውቅ፣ ሆኖም በተሰጠው ምላሽ በስውር እንደሚደሰት ገልጿል። ሳይቴሽን ምን እንደሚለካ ከዚህ የተሻለ ያስረዳ ሰው አላውቅም፤ የሚለካው አገልግሎትን ነው። በየቤቱ የሚገኘው ሙቀጫ ብዙ እጅ ይነካዋል፤ ብዙ እጅ ስለነካው ግን ከታቦቱ አይበልጥም።

ታዲያ ታላላቅ ግኝቶች ለምን ያን ያህል አይጠቀሱም?

በ1953 ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ጥምዝ መሰላል ቅርጽ ያሳወቁበት፣ ከአንድ ገጽ እምብዛም የማይበልጠው ጽሑፍ ከላይ በተጠቀሰው የአንድ መቶ ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ግኝት ወደ መማሪያ መጽሐፍ ከገባ በኋላ ማንም ምንጩን አይጠቅስም፤ ዲኤንኤ ሁለት ፈትል እንዳለው ለመጻፍ ማጣቀሻ የሚያስፈልገው የለም። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት ሜርተን ይህን ክስተት አንድ ሥራ ወደ ጋራ እውቀት ተዋሕዶ ስሙ መጥፋቱ ብሎ ገልጾታል። የሳንገር ዘዴም ይኸው እየደረሰበት ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ላቦራቶሪዎች በየቀኑ ይጠቀሙበታል፣ የ1977ቱን ጽሑፍ የሚጠቅሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሌላው ምክንያት ዘመን ነው። ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ባደረገችው ጥናት ከቦታ ቦታ የሚዘሉ የዘረመል ክፍሎች መኖራቸውን በ1950 ስታሳትም የመስኩ ሰዎች በጥርጣሬና በዝምታ ተቀበሏት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጉዳዩ ላይ ማሳተሟን እስከ ማቆም ደረሰች። በ1983 ብቻዋን የኖቤል ሽልማት ስትቀበል 81 ዓመቷ ነበር። በ1955 ወይም በ1960 የተሰበሰበ የሳይቴሽን ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ ምን ይወስን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ኢምፓክት ፋክተር የተመራማሪው መለኪያ ነው?

አይደለም፤ የጆርናሉ ነው። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በተያዘው ዓመት ያገኙት ሳይቴሽን፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ለወጡት ጽሑፎች ብዛት ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ በአንድ ግዙፍ ቁጥር ይናጋል። አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ የተባለው ጆርናል በ2008 2 ገደማ የነበረው ኢምፓክት ፋክተሩ በ2009 ወደ 50 ተወነጨፈ፤ ምክንያቱም ጆርጅ ሼልድሪክ የክሪስታልን ውስጣዊ ቅርጽ ለማስላት ስለሚያገለግለው ሼልኤክስ ስለተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈው አንድ ጽሑፍ በሺዎች ጊዜ ተጠቅሶ ነበር። በዚያው ጆርናል አብረው የወጡት ሌሎች ጸሐፊዎች ባልሠሩት ሥራ «ባለ 50» ሆኑ።

በታኅሣሥ 2012 በአሜሪካ የሴል ባዮሎጂ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተጠነሰሰው፣ ዶራ በመባል የሚታወቀው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ ይህን መለኪያ ለግለሰብ ቅጥር፣ እድገትና የገንዘብ ድጋፍ ውሳኔ መጠቀም እንዲቀር የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያውያን ስም በዳታቤዝ ውስጥ ለምን ይምታታል? ምንስ ይደረግ?

ዳታቤዞቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም አለ በሚል እሳቤ ነው። እኛ ጋ ግን የሰው መጠሪያ የራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ፣ ሦስተኛው የአያቱ ነው። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ በአንድ ጽሑፍ በአባቱ ስም፣ በሌላው በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ ወንድሙ ደግሞ በዚያው በአባት ስም ሲመዘገብ ሁለቱ አንድ ሰው ይመስላሉ። ፐብሜድ ከ2002 በፊት ለነበሩት ጽሑፎች ከመጨረሻ ስም ሌላ የያዘው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ አባታቸው ተስፋዬ የሚባልና የራሳቸው ስም በ«አ» የሚጀምር ተመራማሪዎች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ተከምረዋል። አበበም፣ አልማዝም፣ አስቴርም እዚያው ናቸው።

በዚህ ላይ የላቲን አጻጻፉ ተጨማሪ ችግር ነው። «ፀ»ን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ፊደል ይጽፈዋል፤ የ«ኃይለ»ን መሐል አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ዋይ» ይጽፈዋል፤ ወልደና ገብረ የሚጀምሩ ስሞች አንዴ ተነጣጥለው፣ አንዴ በሰረዝ፣ አንዴ ተጋጥመው ይመጣሉ፤ ሲነጣጠሉ «ወልደ» ብቻውን እንደ መካከለኛ ስም ተቆጥሮ ይቀራል። አሜሪካ ሄደው ዜግነት ሲቀበሉ የባላቸውን ስም የወሰዱ ሴት ተመራማሪዎች ደግሞ ከዚያ በፊት ያሳተሙት በሌላ ሰው ስም የወጣ መስሎ ይታያል። የዚህ ሁሉ ውጤት በቁጥር ይገለጣል፤ ኤች-ኢንዴክሱ 12 መሆን የነበረበት ሰው ለሁለት ተከፍሎ አንድ ቦታ 8፣ ሌላ ቦታ 6 ሆኖ ይገኛል።

መፍትሔው ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት ቢጀመር ይመረጣል። በፓስፖርት ላይ ያለውን አጻጻፍ ይምረጡና በእርሱ ይጽኑ፤ በ2012 አገልግሎት የጀመረውንና በነፃ የሚሰጠውን ባለ 16 አሐዝ የኦርኪድ መለያ ያውጡ፤ ለጆርናል በሚልኩት ጽሑፍ ሁሉ ያያይዙት። ጊዜው ላለፈበት ሰው ደግሞ ስኮፐስ የተከፈሉ መዝገቦችን እንዲያዋሕድ ጥያቄ ይቀበላል። የጎግል ስኮላር ገጽ ሲከፈትም «ጽሑፎቼን በራስህ ጨምር» የሚለው ምርጫ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው የሠራውን በሞክሼነት ወደ ገጽዎ ያመጣል፤ ባለቤቱ ሲያየው ስርቆት እንጂ የኮምፒውተር ስሕተት አይመስለውም።

ራስን መጥቀስ ነውር ነው?

አይደለም። በአንድ ፕሮቲን ላይ አሥር ዓመት የሠራ ላቦራቶሪ አዲሱን ጽሑፍ ሲጽፍ የቀደመውን የራሱን ሥራ ካልጠቀሰ አንባቢው ይቸገራል። የሚያጠራጥረው ከጠቅላላው ሳይቴሽን ትልቁ ድርሻ ከራሱ ከተመራማሪው ወይም ተራ በተራ ከሚጠቃቀሱ ጥቂት ባልንጀሮች ሲመጣ ነው።

ቁጥር እንደ ዱቄት የሚፈጭ መሆኑን በ2010 ሲሪል ላቤ የተባለ ፈረንሳዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ አሳይቷል። አይክ አንትካሬ የሚል ስም ያለው፣ በእውን የሌለ ሳይንቲስት ፈጠረ፤ በኮምፒውተር ፕሮግራም ትርጉም የለሽ ጽሑፎችን አስጽፎ እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሱ አደረገ፤ ጎግል ስኮላርም ለዚህ ላልተወለደ ሰው 94 ኤች-ኢንዴክስ ሰጠው።

«የስታንፎርድ 2 በመቶ» የሚባለው ዝርዝር ሽልማት ነው?

ሽልማት አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው አወዳድሮ የመረጠው ስብስብም አይደለም። የስታንፎርዱ ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቹ ከ2019 ጀምሮ ከስኮፐስ መረጃ የሚያዘጋጁት የሳይቴሽን ዳታቤዝ ነው። ስሌቱ ድምሩንና ኤች-ኢንዴክሱን ብቻ ሳይሆን የጸሐፊዎችን ብዛትና የስምን ቦታ ማለትም ብቸኛ፣ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ መሆንን ጭምር ያስገባል፤ ራስን መጥቀስ ሲካተትና ሲወጣ ያለውን ቁጥርም ለየብቻ ያሳያል። በዚህ በኩል ከብዙዎቹ ዝርዝሮች የተሻለ ነው።

ዝርዝሩ ሁለት መልክ እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል፤ አንዱ የሙሉ የሥራ ዘመንን፣ ሌላው የአንድ ዓመትን ብቻ ይመለከታል። ተቋማት የደስታ መግለጫ ሲያወጡ የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይናገሩም።

ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ሐሰት ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ሳይቴሽን የተቃወመውንም የደገፈውንም እኩል ይቆጥራል። በጃንዋሪ 2014 በጃፓኑ ሪኬን ተቋም ተመራማሪ በሃሩኮ ኦቦካታ መሪ ጸሐፊነት «ኔቸር» ላይ ሁለት ጽሑፎች ወጡ፤ ተራ የአይጥ ሴሎችን ለአጭር ጊዜ ቀለል ባለ አሲድ ውስጥ በመንከር ብቻ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ወደሚችል ግንድ ሴልነት መመለስ ይቻላል የሚሉ ነበሩ። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሞክረው አልሆነላቸውም፤ በምስሎቹ ላይም ችግር ተገኘ፤ በጁላይ 2014 ሁለቱም ተሰረዙ። ይሁን እንጂ ጽሑፎቹ መጠቀሳቸው አልቆመም፤ እያንዳንዱ «አልተሳካልንም» የሚል ዘገባም አንድ ሳይቴሽን ጨምሮላቸዋል።

ጽሑፍ መሰረዝ ሁልጊዜ የማጭበርበር ምልክት እንዳልሆነም መጨመር ይገባል። ናሙናቸው ተበክሎ እንደነበር ኋላ ደርሰውበት በራሳቸው ጥያቄ ጽሑፋቸውን የሚያሰርዙ ተመራማሪዎች አሉ፤ ይህ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። ለማጣራት ፐብሜድ የተሰረዘውን በግልጽ ምልክት ያሳያል፤ በ2010 የተጀመረውና የተሰረዙ ጽሑፎችን የሚከታተለው ሪትራክሽን ዎች ያሰባሰበው መዝገብም ለማንም ክፍት ነው።

ገንዘብ አስከፍለው የሚያትሙ ጆርናሎች ሁሉ አጭበርባሪ ናቸው?

አይደሉም። ብዙ የታወቁ ክፍት ጆርናሎች አንባቢ በነፃ እንዲያነብ ወጪውን ከጸሐፊው ይቀበላሉ፤ ከአነስተኛ ገቢ አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች ክፍያውን የሚቀንሱ ወይም የሚተዉም አሉ። ማመልከቻ ሳይጻፍ ግን ቅናሹ አይመጣም። አጭበርባሪው የሚታወቀው ግምገማ ሳያደርግ አደረግሁ በማለቱ ነው። ለእኔም ከአንድ ጆርናል «የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል ደርሶኝ ያውቃል፤ ፕሮፌሰር አይደለሁም፤ ጽሑፉ በ72 ሰዓት ተገምግሞ እንደሚወጣ ቃል የገባልኝ ሲሆን፣ የጆርናሉ ርዕሰ ጉዳይ ከእኔ መስክ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። በዚያ ዓይነት ቦታ የወጣ ጥሩ ሥራ ይጠፋል፤ ፈላጊ አያገኘውም፣ ሌላ ቦታም ደግሞ ማሳተም አይቻልም።

ሁለት አመልካቾች እኩል ቁጥር ካላቸው በምን ይለያሉ?

መጀመሪያ ቁጥሩን ከመስኩ ጋር ማስተያየት ይቻላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አይሳይት በሚባል ገጽ በነፃ የሚያቀርበው አንጻራዊ የሳይቴሽን ምጣኔ አንድን ጽሑፍ ከመስኩና ከዘመኑ አቻዎች ጋር ያወዳድራል፤ 1 ማለት በዚያ መስክና ዓመት በተቋማቱ ድጋፍ የተሠራ መካከለኛ ጽሑፍ ያገኘውን ያህል ማለት ነው። በወሊድ፣ በሕመም ወይም በጦርነት ከላቦራቶሪ የተራቁበት ዓመት ካለም ከስሌቱ ይውጣ።

ከዚያ በኋላ ግን ማንበብ ነው። እኔ የምከተለው ዘዴ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ አመልካች የሚኮራባቸውን ሦስት ጽሑፎች ይምረጥና በእያንዳንዱ ውስጥ የራሱ እጅ የት እንደነበረ በአምስት መስመር ይጻፍ። ከሦስቱ አንዱን እወስድና የጠቀሱትን ጽሑፎች ዝርዝር እከፍታለሁ፤ ከእነርሱ ውስጥ ጸሐፊውን የማያውቁ፣ በሌላ አገር ያሉ አምስት ላቦራቶሪዎችን እመርጣለሁ፤ ስሙ የት እንደገባ በየጽሑፉ እፈልጋለሁ። በመግቢያው አንቀጽ ከሌሎች ስምንት ስሞች ጋር በአንድ ቅንፍ ውስጥ ከሆነ ተጠቅሶ ታልፏል ማለት ነው። በአሠራር ክፍሉ ውስጥ ከሆነ ዘዴውን ተጠቅመውበታል። በውጤቱ ክፍል «እገሌ እንዳሳየው እኛም አገኘን» ወይም «አላገኘንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካጋጠመኝ ግን እዚያ ላይ ቆም እላለሁ፤ አመልካቹን በቃለ መጠይቁ የምጠይቀው ስለዚያ ዓረፍተ ነገር ነው።